ሃርድ ዲስክና ፍሪዘር ምን አገናኛቸው? ለአንድ የኮምፒውተር ጥገና ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን «ኮምፒውተራችሁን ራሳችሁ ጠግኑ» የሚል ጽሑፍ በቴሌግራም እየዞረ ነው። ደሴም ኮምቦልቻም ብዙ ሰው አንብቦታል። እኔ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ፤ ስለዚህ ጽሑፍ እኔ ጋ የመጡት ደንበኞች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ «ይሄ ነገር እውነት ነው?» ብለው ሊጠይቁ መጡ። ሌሎቹ የመጡት የተባለውን ሞክረው፣ ነገሩ ከባሰበት በኋላ ነው። ይህን ምላሽ የምጽፈው በሁለተኞቹ ምክንያት ነው።

ጸሐፊው ክፉ አስበው የጻፉት አይመስለኝም። አጻጻፋቸው ቀላል ነው። ሰው ለጥቃቅኑ ሁሉ ወደ ጥገና ቤት እንዳይሮጥ ይፈልጋሉ፤ በዚህ እስማማለሁ። የማልስማማው ማሽኑንና ማሽኑ ውስጥ ያለውን ፋይል እንደ አንድ ነገር በማየታቸው ነው። የተቃጠለ ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያድለውን ዕቃ) ፒያሳ ወጥታችሁ ትገዛላችሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሟች አባት ፎቶ፣ የሱቅ የዓመታት ሒሳብ ግን የሚሸጥበት ቦታ የለም። ስለዚህ ፋይሉን የያዘው ሃርድ ዲስክ ሲታመም መጀመሪያ ፋይሉ ይገለበጣል፤ ጥገናው ከዚያ በኋላ ይታሰባል። ጽሑፉ ያዛባው ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው።

እስቲ የተባለውን በየተራ እንየው።

«ቀጭ ቀጭ የሚል ሃርድ ዲስክ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ለአንድ ሌሊት ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት። ጠዋት ይነሳል።»

ይህች ምክር የድሮ ናት። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚዞር ዲስክና ከላዩ እየተንሳፈፈ መረጃውን የሚያነብ ማንበቢያ አለ። በቀድሞዎቹ ሃርድ ዲስኮች ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ማንበቢያው የሚያርፈው ዲስኩ ራሱ ላይ ነበር። አንዳንዴ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። ሲቀዘቅዝ የሚላቀቅበት አጋጣሚ ነበር፤ ወሬውም ከዚያ ተነሳ። አሁን ያሉት ሃርድ ዲስኮች በአብዛኛው ማንበቢያቸውን የሚያሳርፉት ከዲስኩ ጠርዝ ውጭ ባለች ማረፊያ ላይ ነው። ያልተጣበቀን ነገር ብርዱ ምኑን ያላቅቀዋል?

ጉዳቱ ግን አለ። ከፍሪዘር የወጣ ሃርድ ዲስክ ሞቅ ያለ አየር ሲያገኘው ጤዛ ይይዛል። ጤዛው ከውጭ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪዩት ላይም፣ ውስጥ ዲስኩ ላይም ሊያርፍ ይችላል። አሁን ደግሞ ይህን አስቡ። ማንበቢያው ከዲስኩ በላይ የሚንሳፈፈው ከ10 ናኖሜትር ባነሰ ርቀት ነው። የአንድ ፀጉር ውፍረት ከ50,000 ናኖሜትር ይበልጣል። ዲስኩ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይዞራል። በዚያች ክፍተት ውስጥ የውሃ ጠብታ ገብቶ እንዴት ደህና ነገር ይጠበቃል?

ቀጭ ቀጭታው ራሱ ምን እንደሆነ ጽሑፉ አይናገርም። ማንበቢያው መንገዱን ይፈልጋል፣ ያጣዋል፣ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ እንደገና ይሞክራል። ድምፁ የዚህ ምልልስ ነው። ማንበቢያው ተጎድቶ ከሆነ በሞከረ ቁጥር ዲስኩን ሊፍቀው ይችላል። የተፋቀ ቦታ ላይ የነበረውን ፋይል ደግሞ ማንም አይመልሰውም። ስለዚህ ድምፁን ስትሰሙ አጥፉት። «አንዴ ብቻ ልሞክር» ብላችሁ አትክፈቱት።

ለዚህ አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፤ ጽሑፉ ቢጠቅሰው ኖሮ ብዙ ሰው ይድን ነበር። በዩኤስቢ የሚሰራ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ መብራት ሲያንሰውም ቀጭ ይላል። ዩኤስቢ 2 እስከ 500 ሚሊአምፒር ይሰጣል፣ ዩኤስቢ 3 እስከ 900። ኬብሉ ረጅም ወይም የተጎዳ ከሆነ፣ ወይም በዴስክቶፑ የፊት ቀዳዳ ከተሰካ፣ ዲስኩ ለመነሳት የሚበቃ ኃይል ላያገኝ ይችላል። አንዲት የኮምቦልቻ መምህርት ጽሑፉን አንብባ ደወለችልኝ። «ፍሪዘሩን ባዶ አድርጌዋለሁ፣ ልክተተው?» አለችኝ። «ኧረ ተይው እህቴ፣ መጀመሪያ አጭር ኬብል ቀይሪና ከኋላ በኩል ሰክተሽ እይው» አልኳት። ያለምንም ድምፅ ተነሳ። ሁልጊዜ እንዲህ አይቀናም። ግን ኬብል መቀየር ማንንም አይጎዳም።

«ሃርድ ዲስኩ ከዘገየ ወይም ፋይል አልከፍት ካለ ቼክ ዲስክ ከነጥገናው አስኪዱለት።»

እኔን በጣም ያናደደኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ትክክል ይመስላል። ቼክ ዲስክ የዲስክን ስህተት የሚፈትሽና የሚያርም የዊንዶውስ የራሱ መሣሪያ ነው። ጤነኛ ዲስክ ላይ፣ መብራት ድንገት ሄዶ የፋይል ዝርዝሩ ሲዛባ፣ በደንብ ይሰራል። የታመመ ዲስክ ላይ ግን ሌላ ነገር ነው። መጥፎ ቦታዎችን ፈልግ ሲባል ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ያነበዋል። በጣር ላይ ያለን ሰው ከአልጋ አስነስቶ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት በእግርህ ውጣ እንደማለት ነው። ከዚያም በላይ ቼክ ዲስክ ይጽፋል። ያልገባውን የፋይል ቁራጭ ስሙን አጥፍቶ በቁጥር ሰይሞ ለብቻው ያስቀምጠዋል። የሠርግ ቪዲዮ የነበረው ነገር ተቆራርጦ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የቁጥር ክምር ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ሁኔታውን እዩ። ሃርድ ዲስክ የራሱን ጤና የሚመዘግብበት ስማርት የሚባል መዝገብ አለው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ያሳያል። ከዝርዝሩ አራት መስመሮችን ብቻ ብታዩ ይበቃል። 05 የሚለው በመጠባበቂያ የተተኩ ቦታዎችን ይቆጥራል። ሲ5 ማንበብ ያቃተውንና ገና ያልተወሰነበትን ቦታ ይቆጥራል። ሲ6 ጨርሶ ያልተቻለውን። እነዚህ ዜሮ ካልሆኑ፣ በተለይ ከቀን ወደ ቀን ከጨመሩ፣ ፋይላችሁን ዛሬውኑ ገልብጡ።

አራተኛው ሲ7 ነው፤ ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ ሃርድ ዲስክ የሚጥለው በእሱ ነው። ሲ7 በዲስኩና በማዘርቦርዱ (በኮምፒውተሩ ዋና ሰርኪዩት) መካከል ሲጓዝ የተበላሸን መረጃ ይቆጥራል። በአብዛኛው ጥፋቱ ሁለቱን የሚያገናኘው የሳታ ኬብሉ ነው። ኬብሉን ቀይሩ። ቁጥሩ ወደ ዜሮ አይመለስም፤ መጨመር ካቆመ ግን ችግሩ ተፈቷል። በአንድ ኬብል ምክንያት ደህና ዲስክ ተጥሎ አይቻለሁ።

ሲ5 ከፍ ያለበት ዲስክ ፋይሎቹ ወሳኝ ከሆኑ በተራ ኮፒ ፔስት አይገለበጥም። ዊንዶውስ አንድ መጥፎ ቦታ ሲያጋጥመው እዚያው ተጣብቆ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ዲስኩም በዚያው ይደክማል። ዲዲሬስኪዩ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ከተጫነበት ፍላሽ ይነሳል። መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለብጣል። ያስቸገረውን እየዘለለ ይመዘግባል። መጨረሻ ላይ ወደዘለለው ይመለሳል። መሀል ላይ መብራት ቢሄድ እንኳ ከመዝገቡ ተነስቶ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ለእኛ አገር የተሰራ ነው የሚመስለው። ቼክ ዲስክም ሆነ ሌላ ፕሮግራም ከዚያ በኋላ በግልባጩ ላይ ይሞከራል። ዋናው አይነካም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዲዲሬስኪዩ ምንጩንና መድረሻውን ካቀያየራችሁበት ባዶውን በሙሉው ላይ ይጽፍላችኋል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ለሚያውቅ ሰው ስጡ።

«ፎርማት አድርጉና በሪከቨሪ ሶፍትዌር መልሱት» የሚለው ደግሞ የባሰ ነው።

ድሮ በዊንዶውስ ኤክስፒ ጊዜ ፎርማት ፋይሉን አይነካውም ነበር። ከእሱ ቀጥሎ ከመጣው ቪስታ ጀምሮ ግን ኩዊክ የሚለውን ምልክት አንስታችሁ ሙሉ ፎርማት ካደረጋችሁ ዊንዶውስ ዲስኩን በሙሉ ዜሮ ይጽፍበታል። ከዚያ በኋላ የሚመለስ ነገር የለም። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ዲስክ የሌለው፣ በቺፕ ላይ የሚጽፍ ማከማቻ) ከሆነ ደግሞ ኩዊክ ፎርማትም አይምርም። ትሪም የሚባል ትዕዛዝ አለ፤ ዊንዶውስ «ይህ ቦታ አያስፈልገኝም» ብሎ ለኤስኤስዲው ይነግረዋል። ኤስኤስዲው በራሱ ጊዜ ያጸዳዋል። ፕሮግራሙ ቢፈልግ የሚያገኘው ባዶ ነው። ዊንዶውስ «ዲስኩ ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ መልሱ አይሆንም ነው። ፋይል በስህተት ያጠፋ ሰውም ያንን ዲስክ መጠቀሙን ወዲያው ያቁም። ሪከቨሪ ሶፍትዌሩንም እዚያው ዲስክ ላይ አይጫን፤ የሚጭነው ነገር የሚያርፈው የጠፋው ፋይል በነበረበት ቦታ ላይ ሊሆን ይችላል።

«ተመሳሳይ ሃርድ ዲስክ ፈልጋችሁ ሰርኪዩቱን አቀያይሩ» የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። በድሮዎቹ ይሰራ ነበር። በአሁኖቹ ሰርኪዩቱ ላይ ያለች ትንሽ ቺፕ የዚያን ዲስክ የግል ልክ ይዛለች። ቺፗም አብራ ካልተዛወረች ሌላው ሰርኪዩት ዲስኩን አያውቀውም። በካቻቢቴ ፈትቶ መግጠም ብቻ አይበቃም።

«ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለችውን ቀዳዳ በፕላስተር ድፈኑ፣ አቧራ እንዳይገባ።» ኧረ በፈጠራችሁ! አጠገቧ እኮ አትሸፍኑ ተብሎ ተጽፏል። ቀዳዳዋ ከውስጥ ማጣሪያ አላት። የውስጡንና የውጭውን የአየር ግፊት የምታመጣጥነው እሷ ናት። ቀዳዳ የሌላቸው ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጡት ሂሊየም ጋዝ የተሞሉ ትልልቅ ዲስኮች ናቸው፤ እነሱም ተዘግተው ነው የሚመጡት።

ይህ ነገር ወደ ከፍታው ይወስደናል። ጽሑፉ «ደሴ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ሃርድ ዲስክ ቶሎ ይሞታል» ይላል። ለዚህ አባባል ግማሽ ክብር እሰጠዋለሁ። ማንበቢያው በእርግጥም የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ነው፣ አየሩም ሲሳሳ ይወርዳል። ግን አምራቾቹ ይህን ያውቃሉ። በአብዛኞቹ ሃርድ ዲስኮች መግለጫ ላይ የሥራ ከፍታ ጣሪያው 3,048 ሜትር ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ትወርዳለች። ሁለቱም በልኩ ውስጥ ናቸው። ዲስኩን ለጤናው ብላችሁ ወደ ኮምቦልቻ ማውረድ አያስፈልጋችሁም፤ እዚያ ያለው ሙቀት ነው እንዲያውም የሚያሳስበው።

ጸሐፊው ስስ አየርን ማንሳት የነበረባቸው በሌላ ቦታ ነበር። «ደሴ ብርድ ስለሆነች ፋን ማጽዳት አያስፈልግም» ያሉበት ቦታ ላይ። በደሴ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ፋኑ በአንድ ዙር የሚያንቀሳቅሰው አየር በዚያው ልክ ቀሏል ማለት ነው። ብርዱ ያግዛል፣ ስስ አየሩ ይቀንሳል። በዚያ ላይ የእኛ ቤት ቡናና ዕጣን አይጠፋበትም። ጭሱ ከአቧራ ጋር ሲገናኝ ፋኑ ላይ ይጣበቃል፤ ብሎወር ብቻውን አያነሳውም፣ በብሩሽ ነው የሚለቅ። በእርግጥ ዕጣኑን ተዉ አልልም። ኮምፒውተሩን ከረከቦቱ ራቅ አድርጉት። ስታጸዱም ነቅላችሁ፣ ፋኑን በጣት ይዛችሁ ይሁን። በአፍ መንፋት ይቅር፤ ምራቅ አብሮ ይሄዳል።

አሁን ወደሚያስማማን። ጽሑፉ «በርቶ ስክሪን ካላሳየ ራሙን አውጥታችሁ መልሱ» ይላል። ራም ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ የጊዜያዊ ማስታወሻ ሰሌዳ ነው። ትክክል ነው። ጥገና ቤት የሚመጣው «ሞቷል» የተባለ ዴስክቶፕ ብዙ ጊዜ በዚህ ይነሳል። ከሶኬት ንቀሉት፣ የማብሪያ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑ፣ ራሙን አውጡ፣ የወርቅማ ጥርሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፣ መልሳችሁ ቀጭ እስኪል ግጠሙ። ሁለት ራም ካለ አንዱን ብቻ እያደረጋችሁ ሞክሩ። «ቢፕ ካላለ ማዘርቦርዱ ሞቷል» የሚለው ማጠቃለያ ግን ስህተት ነው። ብዙ የዛሬ ማዘርቦርዶች ቢፕ የምትለው ትንሽ ስፒከር አብራቸው አትመጣም። ድምፅ አለመስማት ምንም አይነግራችሁም። ስክሪኑን በሌላ ኬብል፣ ከተቻለም በሌላ ኮምፒውተር ሳትሞክሩ ማዘርቦርድ አትፍረዱበት።

«ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ኮምፒውተር ቫይረስ አለበት» ለሚለው ደግሞ መልሱ ማዘርቦርዱ ላይ ያለች ክብ ባትሪ ናት። ሲአር 2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት፣ የሰዓት ሱቅ ሁሉ ይሸጣታል። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሰዓቱን የምታስኬደው እሷ ናት። ስትደክም ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል። ድረ ገጾችም «ደህንነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ እምቢ ይላሉ፤ ሰው ቫይረስ የሚመስለው ለዚህ ነው። ፎርማት አያስፈልግም።

«ስታብላይዘር ካላችሁ መብራት ቢሄድም ችግር የለም።» ይህን ያነበቡ የፎቶ ቤት ባለቤት አውቃለሁ። ስታብላይዘር ከፍና ዝቅ የሚለውን ቮልቴጅ ወደ 220 ያስጠጋል። ባትሪ የለውም። መብራቱ ሲሄድ እሱም አብሮ ይጠፋል። ዲስኩ ራሱ መብራት ሲቋረጥበት ማንበቢያውን በቀረችው ዙረት ጉልበት ወደ ማረፊያው ይመልሳል፤ ስለዚህ አንድ መጥፋት አይገድለውም። የሚጠፋው ገና ያልተጻፈው ነው፦ ሲቀመጥ የነበረው ሰነድ፣ ሲገለበጥ የነበረው ቪዲዮ። መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ኃይል ደግሞ ፓወር ሰፕላዩን ሊመታ ይችላል። ለዴስክቶፕ የሚያስፈልገው የራሱ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው። ሥራ ለመቀጠል አይደለም፣ አስቀምጦ በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጣል። ባትሪው ከጥቂት ዓመት በኋላ ይደክማል፤ በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ባለ 12 ቮልት ተራ ባትሪ ስለሆነ እሱን ብቻ መቀየር ይቻላል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ በቻርጀር ብቻ የምትጠቀሙም ከዴስክቶፕ አትለዩም። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ሁሉንም መንቀል ነው፤ ዩፒኤስም መብረቅ አይችልም።

«ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው አይበላሽም፣ ባክአፕ (ሌላ ቦታ የሚቀመጥ ግልባጭ) አያስፈልገውም።» ፈጣን ነው፣ ከሚኒባስ መንገጫገጭም ይተርፋል። ላፕቶፑን ሳያጠፉ ቦርሳ ውስጥ ከተው በየቀኑ በሐረጎ ለሚመላለሱ ሰዎች ቀይሩ የምለውም ለዚህ ነው። ግን ይበላሻል። ሃርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ በድምፅና በመዘግየት ያስጠነቅቃል። ኤስኤስዲ ትላንት ሰርቶ ዛሬ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። በርካሽ የሚሸጡ «2 ቴራ» የሚሉ ፍላሾችና ኤክስተርናሎችም አሉ። ውስጣቸው ትንሽ ሚሞሪ ሆኖ ትልቅ ነኝ ብለው ይዋሻሉ። ከሞሉ በኋላ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል፤ ስሙ ይታያል፣ ፋይሉ አይከፈትም። ስትገዙ ኤች ቱ ቴስት በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሙሉውን ጽፎ አንብቦ እስኪጨርስ ሳትፈትኑ ምንም ነገር አትመኑበት። በሰኔ መመረቂያቸውን የሚያቀርቡ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህን ቢሰሙኝ ደስ ይለኛል። አንድ ፍላሽ ላይ ብቻ ያለ ጽሑፍ አለ አይባልም። አንዱ ላፕቶፑ ላይ፣ አንዱ ሌላ ቦታ ያለ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ኢሜይል ውስጥ ይሁን።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳው አንድ ነገርም አለ። «ላፕቶፑ ከሞተ ሃርድ ዲስኩን አውጥታችሁ ሌላ ላይ ስኩት፣ ፋይላችሁን ታገኛላችሁ» ይላል። በአሮጌዎቹ ልክ ነው። በአዳዲስ ላፕቶፖች ግን ዊንዶውስ 11፣ በተለይ ከ2024 እ.ኤ.አ. ስሪት ወዲህ፣ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባበት ዲስኩን በራሱ ሊቆልፈው ይችላል። ሌላ ማሽን ላይ ስትሰኩት ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ይጠይቃችኋል። ቁልፉ ያለው አካውንታችሁ ውስጥ ነው። ላፕቶፑን ሲገዛ ሻጩ በራሱ ኢሜይል ከፍቶላችሁ ከሆነ ቁልፉ እሱ ጋ ነው ማለት ነው። ማሽኑ ደህና እያለ በራሳችሁ አካውንት ቀይሩና ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፉት።

የመጨረሻው ነጥባቸው «ለጠጋኝ አትስጡ፣ ዕቃ ይቀይራሉ፣ ፎቶ ያያሉ» የሚል ነው። እኔ ጠጋኝ ስለሆንኩ ለእንጀራዬ የምከራከር ይመስል ይሆናል። ግን ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም። መፍትሔው ቤት ውስጥ ፍሪዘር መክፈት አይደለም እንጂ። ማሽኑን ከመስጠታችሁ በፊት የራሙን፣ የሃርድ ዲስኩንና የባትሪውን ሴሪያል ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሱ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ አምጣ በሉ። ፋይል ሪከቨሪ ካልሆነ በቀር ፓስወርድ አትስጡ። ዲስኩ ተነቃይ ከሆነና ችግሩ ስክሪን፣ ኪቦርድ ወይም ቻርጅ ማድረጊያ ከሆነ ደግሞ ሃርድ ዲስኩን አውጥታችሁ ቤት ትታችሁት ኑ። እኔ በራሴ ፍላሽ አስነስቼ እፈትነዋለሁ፣ ቅርም አይለኝም።